ሽማግሌ የተላከላቸው ማሽኖች

ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ካለችው ሱቄ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። ፊት ለፊት በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ እሸጣለሁ፤ ኋላ ግን ባዶ ካርቶን ነው። ጣጣው የመጣው በዚች ክፍል ነው።

አንድ ያገሬ ልጅ፣ እንዲያውም የሰፈሬ ልጅ፣ አራት የቁማር ማሽን ላስቀምጥባት አለኝ። «ያው ጌም ናቸው» አለ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። ፈቃድ እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃል። ከተያዙ የሚዘጋው የኔ ሱቅ ነው። ዳውንታውን ስንት ክረምት የሰው መኪና ፓርክ እያደረግኩ የከፈትኳት ሱቅ።

«ለምን ባዕድ ይብላው? እኛ ለኛ ካልሆንን ማን ሊሆነን ነው?»

«ማሽኖቹ የማን ናቸው?»

«የኛ።»

«የኛ የማን?»

ሸሪኮቹን ቆጠረልኝ። ሁለቱ ከሁለት አህጉር የመጡ ናቸው፤ የሦስተኛው አገር የት እንደሆነ እሱም አያውቀውም። ትርፍ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ናቸው፤ ወገንነት ትዝ የሚላቸው የኔ በር ላይ ሲደርሱ ነው። «ላስብበት» አልኩት።

በዚያው ሰሞን አከራዬ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊያዩ መጡ። ዘራቸው ከጣሊያን የሆነ አዛውንት ናቸው። የሆነውን ብነግራቸው ሳቁ።

«ድሮ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ በተከለከለ ጊዜ፣ ሰሜን ዴንቨር አትክልት ይሸጥ ለነበረው አያቴ አንድ የመንደሩ ሰው መጣበት። ባገራቸው ቋንቋ እየማለ ምድር ቤትህን ስጠኝ አለው። ወገኔ ነው ብሎ ሰጠው። አረቄውን ሲሸጥ አይሪሽ አይል፣ ማን አይል፣ ከሁሉም ጋር ይሸረክ ነበር። ሰው ማስፈራራት ሲፈልግ ግን እኛ ሰፈር ነው የሚመጣው።»

«ለምን?»

«ቋንቋችንን ያውቃላ። ፖሊስ ጋ እንደማንሄድም ያውቃል።»

«ኋላ ማን ታሰረ?»

«ምድር ቤቱ የማን ነበር?» አሉና ጣሪያውን ማየት ቀጠሉ።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌ ከተፍ አሉ፣ ኮት ለብሰው፣ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ይመስል። ልጁ ልኳቸው ነው። ከመሃላቸው ታላቁ፣ እግሬ ዴንቨርን የረገጠ ጊዜ ካፒቶል ሂል ያለች ጠባብ ቤታቸው ውስጥ ሶፋቸውን የለቀቁልኝ ሰው ናቸው። ቃላቸውን መልሼ አላውቅም። ወንበር ባቀርብ አልቀመጥ አሉ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም። ከወንድምህ ጋር ታረቅ።»

«አልተጣላንም እኮ ጋሼ።»

«የልጆች መጫወቻ ማስቀመጫ ነፈገኝ ብሎናል። አንተ ደግሞ ለካርቶን ይሄን ያህል ትሳሳለህ!»

እሺ ካልኩ ሱቄን፣ እምቢ ካልኩ እሳቸውን ላጣ ነው።

«ጋሼ፣ ያስታረቀ ሽማግሌ ዋስ ይሆን የለ? የሱቁ የኪራይ ውል ላይ ከኔ ስም አጠገብ ይፈርሙልኝ። ፖሊስ ሲመጣ አብረን እንጠየቃለን።»

«ፖሊስ ምን ቤት ነው?»

«መጫወቻው ቁማር ነዋ።»

ሌሎቹ ሁለቱ ጫማቸውን አዩ። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩን ወደራሳቸው ሳቡ። «በል ውሃ ስጠኝ» አሉ። እሺ ሳልል ተቀመጡ።

ማሽኖቹ ከመንገዱ ማዶ፣ ሌላ ያገሬ ልጅ ሱቅ ገቡ። ፖሊስ እስካሁን አልመጣም። እኔ ግን በወገኑ የጨከነ ተባልኩ፤ ደንበኛዬም ሽሮውን ከማዶ መግዛት ጀመረ። ጋሼ ብቻ አሁን ከሚኖሩበት ከሊትልተን ድረስ ሁለት አውቶቡስ ለውጠው ይመጣሉ። ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይገዛሉ። ገና ያለፈውን እንዳልጨረሱት አውቃለሁ።