አረፋ የሚያወጣው ጠርሙስ

ሞጆ በምሠራበት ክሊኒክ፣ አፈር የገባበት የሹፌር ቁስል ላይ አረፋ የሚያወጣውን መድኃኒት አፍስሼ ሽ... ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ የአዳማው በረንዳችንና የእማዬ ጭን ትዝ ይሉኛል።

በጋ ነበር፤ ንፋሱ አቧራውን ያነሣው ነበር። ታናሽ እህቴ ሐና ከጋሪ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ነርሷ እናታችን በዚያ መድኃኒት ያጠበቻት የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከሥራ ስትመለስ ጭኗ ላይ አስቀምጣት፣ አፍልታ ባቀዘቀዘችው ጨው ውሃ እያጠበች፣ እንዳታለቅስ ቀስ ብላ ትዘምርላት ነበር። እኔ «ትልቅ ነሽ» እየተባልኩ ፋሻ አቀብል ነበር። በሐና እቀና ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሊያበቃ ሲል እኔም እርጥብ ደረጃ ላይ ወድቄ ክርኔ ተላጠ፤ ደስ አለኝ። ጭኗ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተዘመረልኝም። ግን በሦስተኛው ቀን ቁስሌ መድረቅ ጀመረና እማዬ ከነገ ወዲያ ፋሻ እንደማያስፈልገኝ ነገረችኝ። በማግስቱ እሷ ሳትኖር ጠርሙሱን ከቁም ሳጥን አውርጄ አፈሰስኩበት፤ ቁስሉ እንደገና ቀላ፣ መዝሙሩም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አፈስበት ነበር።

ክረምት ሲገባ ሐና ከዳነች ቆይታ ትሮጥ ነበር፤ የእኔ ቁስል ግን አልገጥም አለ። እማዬ የስኳር በሽታ ይኖርብኝ ይሆን ብላ ተጨነቀች፣ ከጭንቀቷም የተነሣ መዘመሯን ተወች። አንድ ቀን ጠርሙሱን ብታነሣው ባዶ ሆኖ አገኘችው። አልተቆጣችኝም።

«ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ጀርሙን ከሥጋሽ አይለይም» አለችኝ፤ «ጀርሙን ሲገድል፣ ቁስሉን ሊደፍን የሚመጣውንም አዲስ ሥጋ አብሮ ይገድለዋል። ለምን አደረግሽው?»

«ለሐና ትዘምሪላት ስለነበር» አልኳት።

ዛሬ እማዬ ከሐና ጋር አዳሚ ቱሉ ትኖራለች። ስኳሩ የያዘው እሷን ሆነ፤ የእግሯን ቁስል የምታጥብላትም ሐና ናት። ነርሷ እኔ ሆኜ ሳለ እያልኩ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም እቀናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፋሻውን ከሐና እጅ ወስጄ ጎንበስ ስል፣ እማዬ የክርኔን ጠባሳ ዳሰስ አድርጋ «ጠርሙሱን አላመጣሽውም አይደል?» አለችኝና ሳቅን። እግሯን እያጠብኩ ልዘምርላት አፌን ብከፍት ግጥሙ ጠፋኝ፤ ያኔ ለማን እንደሚዘመር እንጂ ምን እንደሚዘመር አዳምጬ አላውቅም ነበር። ሐና ከአጠገቤ ተቀምጣ ጀመረችልኝ።