ሳይቀበር የቀረው መጽሐፍ

ትናንት ጀርባው የተገነጠለውን መጽሐፍሽን ሪሳይክል ሳጥን ውስጥ ስትጥዪው ጮኼብሻለሁ። መጮኼ ልክ አልነበረም። ከሳጥኑ አውጥቼ አቧራውን ሳራግፍለት ግን የአሮጌ ወረቀት ሽታ፣ ያ ደረቅ ሣርና ትንሽ ያረረ ስኳር የሚመስለው ሽታ፣ አፍንጫዬ ገባና ዴንቨር ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ወስዶ አስቀመጠኝ። አሁን ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እናትሽን ገና አላውቃትም። ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ከሁለት ወንደላጤዎች ጋር አፓርታማ ተጋርቼ እየኖርኩ፣ ጠዋት ጠዋት በኮልፋክስ አውቶቡስ ዴንቨር እሄድ ነበር። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ ያረጁ ሰዎችን መደገፍ፣ መድኃኒታቸውን ማስታወስ፣ ሾርባ ማሞቅ። የደረሱኝ ሴትዮ ሰማንያን ያለፉ አይሁዳዊት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላም። እኔ "እማማ" እላቸው ነበር። ትርጉሙን ከነገርኳቸው በኋላ በሌላ ስጠራቸው እንዳልሰማ ይሆኑ ነበር።

ሳሎናቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሁሉም ዕብራይስጥ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትገባ በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የተረፈው የወርቅ ቅብ ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ አንዱን ገለጥ ባደርገው መካከሉ ላይ ወፈር ያለ ጽሑፍ፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ አጥር የከበበው ደቃቅ ጽሑፍ አየሁ። "ይሄማ አንድምታ ነው!" አልኩ ለራሴ።

እማማ ሰሙኝ። "ምንድን ነው ያልከው?"

የእኛም ሊቃውንት ቅዱሱን ቃል አስቀምጠው ትርጓሜውን "አንድም" እያሉ እንደሚደረድሩበት ነገርኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾርባው እስኪበርድ ያወሩኝ ጀመር። መጽሐፎቻቸው መጀመሪያ በብራና ላይ በእጅ እንደተጻፉ፣ ማተሚያ ሲመጣ ትርጓሜው ዙሪያውን እንደሰፈረ፣ ነገሥታት በአደባባይ እንዳቃጠሏቸው፣ ጠራዦች የተወረሰውን ብራና ቆራርጠው ለሌላ መጽሐፍ ልባስ እንዳደረጉት። "መጽሐፉ ከእኛ ጋር ነው የተሰደደው" ይሉኝ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ አስተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ያረጀ ቅዱስ መጽሐፍ አይጣልም፣ አይቃጠልም፤ እንደ ሰው ይቀበራል። ባላቸው፣ አባታቸው በመርከብ ይዘውት የመጡትን አንድ መጽሐፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያነቡት ኖረው፣ ቅጠል ቅጠሉ ሲበታተን "እሱን ከእኔ ጎን ቅበሪልኝ" ብለው ነው የሞቱት። እማማም ቃል ገብተውላቸዋል። ምኩራባቸው ያለቁ መጻሕፍትን የሚቀብርበት ቀን ሲቃረብ ሳጥን አምጥተው "ያለቁትን እዚህ ሰብስብልኝ" አሉኝ። ያ መጽሐፍ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ። ሽፋን የለው፣ ስፌት የለው፤ በኅዳጉ ላይ የሟቹ የእርሳስ ጽሑፍ ብቻ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። እኔ ያደግሁት ደብር አጠገብ ነው። እዚያ መጽሐፍ ሲያረጅ ይሰፋል፣ ይለጠፋል፣ አዲስ የእንጨት ገበታ ይገባለታል እንጂ ጉድጓድ አይወርድም። ከነነፍሱ ሊቀበር የተዘጋጀ ሰው ያየሁ መሰለኝና ሳልጠይቅ ወሰድኩት። ለበጎ ብሎ የሰረቀ ሰው ራሱን ሌባ አይለውም። እኔም አላልኩም። ሌባ ነበርኩ።

በሁለት የዕረፍት ቀኖቼ ቅጠሎቹን ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። ከመቶ በላይ ናቸው፤ እኔ ደግሞ አንዲት ፊደል አላውቅም። ትክ ብዬ ሳይ ግን በየገጹ ግርጌ ጥግ ላይ ብቻዋን የቆመች አንዲት ቃል አለች፤ ያቺው ቃል በሌላ ገጽ ራስጌ ላይ ትገኛለች። የድሮ አታሚዎች ጠራዡ እንዳይስት የተዉለት ምልክት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ማንበብ ሳልችል በመልክ ብቻ፣ ልጅን ከእናቷ እንደሚያመሳስል ሰው፣ ግርጌን ከራስጌ እያገናኘሁ ደረደርኩት። ከዚያም ሰም ባሸሁት ክር ሰፍቼ፣ ገበታ አበጅቼ፣ ቆዳ አለበስኩት። እስካሁን በእጄ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት የለም።

እማማ ግን በመካከሉ ሳጥኑን አይተው ነበር። "የእሱ መጽሐፍ የት ሄደ?"

"እኔ አላየሁም፣ እማማ" አልኩ። ጨርሼ ላስደንቃቸው ነው እኮ! በመደገፊያ ዎከራቸው እየተጎተቱ ከሶፋው ሥር፣ ከፍሪጁ ጀርባ ሲፈልጉ ዋሉ። እኔም ተንበርክኬ አብሬ ፈለግሁ። ያን መንበርከኬን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

ቀብሩ እሑድ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ይዤላቸው ሄድኩ። "እኔ ነኝ የወሰድኩት። ዋሽቼዎታለሁ" አልኩና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ቆዳውን ዳሰሱት፤ እንደ ልማዳቸው ከቀኝ በኩል ገለጡት። የወጣው የመጨረሻው ገጽ ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ይጀምራል፤ መሰፋት ያለበትም በቀኝ ነው። እኔ እንደ አማርኛ መጽሐፍ በግራ ሰፍቼዋለሁ። በቀኝ ያለው ዳር ተቀዳዶ ሳይ ጣት የበላው መሰለኝ እንጂ የድሮው ስፌት መሆኑን ማን ነግሮኝ!

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቁ ነው። "ሀበሻ አደረግኸው!" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሰውዬው ቢያይህ ሊከራከርህ ከመቃብር ይነሣ ነበር።" ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "አሁን እኮ ይነበባል። የሚነበብ መጽሐፍ ደግሞ አይቀበርም።"

"ክሩን በመቀስ ልቁረጠው" አልኩ።

እጄን ያዙኝ። "በእጅህ አታፈርሰውም። እኔ አነበዋለሁ፤ በመነበብ ሲያልቅ ያኔ ይቀበራል።"

"ቃል ገብተውላቸዋል እኮ፣ እማማ።"

"ይጠብቅ። አርባ ዓመት ሙሉ ለብሼ እስክወጣ በር ላይ ቆሞ ጠብቆኛል፤ ለምዶታል።"

አፋቸው ቀለደ እንጂ ዓይናቸው አልሳቀም። እሑድ ዕለት ሳጥኑ ያለዚያ መጽሐፍ ተቀበረ። እማማ የባላቸው መቃብር አጠገብ ባዶ እጃቸውን ቆመው ሳይ፣ ደግነት ያልተጠየቀ ሲሆን ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ገባኝ። ይህን ያዢልኝ፤ የሰውን ነገር ልታሻሽዪ ስትነሺ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቂ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አነበቡት፤ እያንዳንዱን ቅጠል በተሳሳተው አቅጣጫ እየገለጡ። "ቅጣትህ ነው" ብለው ለእኔም ፊደል አስቆጠሩኝ። አሌፍ፣ ቤት ሲሉ እኔ "አልፍ፣ ቤት፣ ገምል" ብዬ ስቀጥል በጣም ደነቃቸው፤ ቀድሞ የሰማሁት ከቄስ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ "ታዲያ ስፌቱን ምነው አልነገረህም?" አሉኝ።

ሆስፒታል ሲገቡ መጽሐፉን ማንሣት አቃታቸው። እኔ ከፊታቸው እይዘውና ገጹን እገልጥላቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ በረዶ ጥሎ ክፍሉን ብርሃን ሞልቶት ሳለ፣ ማንበባቸውን አቆሙና "እዚያ ስደርስ 'መጽሐፌስ?' ቢለኝ ምን እለዋለሁ?" አሉኝ።

"ጥፋቱ የዚያ ሀበሻ ነው ይበሏቸው።"

"የለም" አሉ፤ አሰብ አድርገው። "እየተነበበ ነው እለዋለሁ።"

ከባላቸው ጎን በተቆፈረላቸው ጉድጓድ አፍ ላይ ከሌላ ስቴት የመጣችው ልጃቸው መጽሐፉን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ዕብራይስጥ አታነብም። የአባቷን ኑዛዜ ግን ታውቃለች። "አንተ ታውቀዋለህ፤ አልቋል ወይ? ካለቀ አብሯቸው ይግባ" አለችኝ። "አዎ" ብል ኖሮ የእማማ ቃል ይፈጸም ነበር፤ መጽሐፉም በሁለቱ መካከል ያርፍ ነበር። ገለጥኩት። የሟቹ እርሳስ ደብዝዟል፤ ቆዳው ከእማማ ጣት ለስልሷል። አንድም ቅጠል ግን አልወለቀም። እዚያ ቤት አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልቻልኩም።

"አላለቀም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደምትኖርበት ስቴት ይዛው ሄደች። ስልኳ አለኝ። ስንት ጊዜ አንሥቼ "እየተነበበ ነው ወይ?" ልላት እደውልና፣ ገና ሳይጠራ እዘጋዋለሁ።