የሸጥኳት ባለ ሁለት በር

ስማ አቤላ፣ ስልክ አታነሳም፣ በቮይስ ልንገርህ እንጂ ልፈነዳ ነው። ያቺን ባለ ሁለት በር የጃፓን ስፖርት መኪናዬን ታስታውሳታለህ? እማዬ «ድምጿ ሰፈር አስነሳብን፣ ወይ እሷን ወይ እኔን ምረጥ» ብላ ያሸጠችኝን? ዛሬ ቻምበርስ መንገድ ላይ፣ ስጋ የምንገዛበት የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ፓርክ ተደርጋ አየኋት። በቃ ሆዴ ባባ። ማርሽ የለመድኩት በሷ ነው፤ በረዶ ሲይዛት አንተና እኔ ኮልፋክስ ጎዳና ድረስ እየሳቅን የገፋናት እሷን ነው። ባለቤቱን ለምኜ መልሼ ልገዛት ቆሜ ጠበቅኩ።

አንድ ሽበታም አባት ቁልፍ ይዘው መጡ። «አባባ፣ ይቺ መኪና የኔ ነበረች፣ ይሽጡልኝ» አልኳቸው። «እ?» አሉ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አሁንም «እ?» ከዛ በደንብ ጮህኩ። ወዲያው አንዲት ሴትዮ ከሱቁ ወጥታ «አንተ ባለጌ፣ ትልቅ ሰው ላይ ትጮሃለህ? የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። እኔ በሕይወቴ አንዴ ሳልናደድ ብጮህ ሰው ተሰበሰበብኝ።

ሰውየው በመጨረሻ ገባቸው። ትከሻዬን ይዘው «ጭስ ማውጫዋን እንዲህ እንድትጮህ ያስቀየርከው አንተ ነህ?» አሉኝ። ስድቤን እየጠበቅኩ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ተባረክ ልጄ። አዲስ አበባ ታክሲ ስነዳ ማርሽ የምቀይረው ሞተሩን እየሰማሁ ነበር። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ሞተሯ የሚሰማኝ መኪና ይቺ ብቻ ናት። አልሸጥልህም።»