ታቢታ ያልለቀቀችው ወንበር

በእኛ አገር የተራ ሰው የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቆምና “ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ” ብሎ ያነባል። ስህተት ቢኖርበት እንኳ ባለ ታሪኩ ተነሥቶ ማረም አይችልም። በታቦር ዕድራችን ውስጥ ያንን ወረቀት የምጽፈው እኔ አለሙ ነኝ። ማንበብና መጻፍን ከጎለመስኩ በኋላ በራሴ ስለተማርኩ ሥራውን አልንቀውም። የታቢታን ታሪክ ግን እስክትሞት አልጠብቅም። አሁን እጽፈዋለሁ። ራሷ ታነበዋለች፤ ያልተስማማትንም ትሰርዛለች።

ታቢታ ጎረቤቴ ናት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። የተወለደችው ቡሹሎ፣ ከሀዋሳ ሐይቅ ራቅ ብሎ እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። ገና ልጅ እግር ሳለች፣ ዛሬ በሩ በተዘጋ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረችና የሽመና ማሽን ላይ ቆመች። እኔ በዚያው ክፍል ለማሽኖቹ ዘይት የማጠጣ ሠራተኛ ነበርኩ።

ሽመና ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ጫጫታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድነት ሲንኳኩ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ከእኛ መካከል በድምፅ የሚያወራ አልነበረም፤ የምናወራው በከንፈር ነው። አንዷ ከወዲያ ጫፍ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ሌላዋ ከወዲህ ጫፍ አይታ ትመልሳለች። ሠርጉም፣ ወሊዱም፣ ሐሜቱም፣ ጸሎቱም የሚነገረው እንዲሁ ነበር። “ገብቶኛል” ለማለት ደግሞ የተበጠሰ ክር እንደሚቋጥር ሰው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ገጥሞ ማሳየት ይበቃል። አንድ ቀን ታቢታ አለቃችን ፊት ቆማ፣ ፈገግ እያለች፣ “የዚህ ሰውዬ ሱሪ ሊወልቅ ነው፣ ንገሩት” ብላ በከንፈሯ ለሴቶቹ ተናገረች። አለቃው ከንፈር ማንበብ እንደሚችል ያወቅነው ቀበቶውን ማጥበቅ ሲጀምር ነው። ይህን ስታነብ “ሱሪው በእርግጥም ሊወልቅ ነበር” ብለህ ጨምር ብላኛለች፤ ጨምሬያለሁ።

ፋብሪካው ደመወዝ ሰጣት፣ ጆሮዋን ወሰደ። ጡረታ ስትወጣ ትንሽ ትንሽ ትሰማ ነበር፤ ዛሬ እሱም የለም። ጆሮ ላይ የሚደረገውን መሣሪያ ሞክራው ነበር። “አጠገቤ ያለው ሰው ሲያኝክ ያሰማኛል፣ ሲናገር ግን አያሰማኝም” ብላ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ያዘነላት ሰው ጆሮዋ ሥር ገብቶ ሲጮህባት ትናደዳለች። “ፊትህን አሳየኝ እንጂ፤ እኔ ከዚያ ሌላ አልፈልግም” ትላለች።

ታቢታ ቴአትር ትወዳለች። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ዞር ሲል ንግግሩ ያመልጣታል፤ መድረክ ላይ ግን ተዋናይ ፊቱን ለተመልካች መስጠት አለበት። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ “እህት ታቢታ፣ አማኝ ሆነሽ ቴአትር ቤት ትሄጃለሽ?” ቢሏት “በገና ድራማ ሄሮድስን የሠራው የእርስዎ ልጅ አይደለም እንዴ? እኔ እንዲያውም ጥሩ ሄሮድስ ወጣው ብያለሁ” አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቋትም።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ።

ሳያት የምትባለው የልጅ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። ዘንድሮ ወጣቶች ካቋቋሙት የቴአትር ቡድን ገባችና ስለ ፋብሪካ ሴቶች በተጻፈ ተውኔት ላይ ተመደበች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አንድ ማታ ራት ላይ እንዲህ አለች፦ “መጨረሻው ላይ የምናገራት አንዲት ነገር አለች። እኔው ነኝ የጻፍኳት፤ ለአንቺ ነው። ቤት ውስጥ አልነግርሽም፤ መድረክ ላይ ትሰሚኛለሽ።”

ታቢታ የያዘችውን እንጀራ መልሳ ትሪው ላይ አኖረች። “እንግዲያው የምሰማበትን ወንበር እኔ ራሴ እመርጣለሁ” አለች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ተዋንያኑ ሲለማመዱ፣ በባጃጅ ወደ አዳራሹ ወረድን። ከፊት የክብር እንግዶች ሶፋ አለ፤ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ከፊቱ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሮ። ከሶፋው ኋላ ውዶቹ ወንበሮች ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ሰው የሚያልፍበት ሰፊ መተላለፊያ አዳራሹን ከግራ ወደ ቀኝ ያቋርጠዋል። ከመተላለፊያው ወዲያ ወለሉ አንድ ደረጃ ከፍ ይልና ርካሹ ክፍል ይጀምራል።

ታቢታ ጫማ እንደሚለካ ሰው በየወንበሩ እየተቀመጠች ተነሣች። ሳያት መድረኩ ላይ ቆማ ያለ ድምፅ ታወራታለች። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ወደ ውስጥ ሰጠመችና በሽተኛ ጉልበቷን ይዛ ለመነሣት የእኔ እጅ አስፈለጋት። “ከዚህ የሚታየኝ አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው” አለች። ውዶቹ ወንበሮች ላይ ስትሄድ እኔን ከፊቷ አስቀመጠችኝ። ወለሉ ሜዳ ስለሆነ ጭንቅላቴ መድረኩን ከለላት። “ባርኔጣህን ልታወልቅ ነው ወይስ ልሂድ?” አለችኝ። ባወልቀውም አልተሻላትም። ዳር ላይ ግማሽ አፍ ብቻ ይታያል፤ ከኋላ ደግሞ ፊት ሁሉ አንድ ይሆናል። በመጨረሻ ከመተላለፊያው ወዲያ፣ የርካሹ ክፍል የመጀመሪያ ረድፍ ላይ፣ መካከል ገደማ ተቀመጠች። ከፊቷ ማንም የለም። እግሯን ወደ መተላለፊያው ዘረጋች። ወንበሩ ቀጥ ያለ የእንጨት ስለሆነ ራሷን ችላ ተነሣች፣ ደግማም ተቀመጠች።

ሳያት ከመድረክ በከንፈሯ “ምሳ በላሽ?” አለቻት።

“በላሁ፤ ሽሮሽ ጨው በዝቶበታል” አለች ታቢታ፣ እሷም በከንፈር።

“እሑድ እዚያው ነሽ? ዓይኔን ወደዚያ ነው የማደርገው።”

“እዚሁ ነኝ። ሌላ ቦታ አትፈልጊኝ።”

ስንወጣ ትኬት ቆረጥን። የዚያ አዳራሽ ትኬት ክፍሉን ይለያል እንጂ የወንበር ቁጥር የለውም፤ ቀድሞ የደረሰ የወደደው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እሑድ በሩ ሳይከፈት ደጃፉ ላይ ነበርን። ታቢታ ቦታዋን ያዘች፤ እኔ ከጎኗ፣ በወዲያኛው ጎኗ አንዲት ተማሪ። አዳራሹ ሞላ። የተባለው ሰዓት አለፈ። የክብር እንግዳው ገና አልመጡም፤ በዚህ ማንም አልተገረመም። ቆይተው መጡ፤ ከእሳቸው ጋር ግን ከተጠበቀው በላይ አጃቢ መጣ።

ሕዝቅያስ የሚባለው አስተባባሪ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ትሑት ወጣት፣ በጥድፊያ መጥቶ እጅ ነሣን።

“እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። ለእርስዎና ለአባባ ከፊት ሶፋ ይዘናል።”

ታቢታ ከንፈሩን አይታ “እዚህ ይመቸኛል ልጄ፣ ተባረክ” አለችው።

“ኧረ እርስዎ እናት ነዎት፤ እዚህ ሊቀመጡማ አይገባም። ይህን ረድፍ ደግሞ…” አለና ወደ በሩ ዞረ።

“ፊትህን መልስ። ይህን ረድፍ ምን?”

“ለእንግዳው አጃቢዎች ፈልገነው ነበር።”

“አጃቢዎቹ ሶፋው ላይ ይቀመጡ።”

“እንዴት ይሆናል እማማ፣ ሶፋው የክብር ነው።”

“ታዲያ ክብሩን ለእነሱ ስጣቸው።”

ከኋላችን ሳቅ ተሰማ። አንድ ሰው “እኔን ቢጠሩኝ እስካሁን ውሃውን ጠጥቼ ጨርሼ ነበር” አለ። አንዲት ሴት ደግሞ “ምነው እናቴ፣ ሲያከብሩዎት እሺ ይበሉ እንጂ” ብላ ተቆጣች። አልፈርድባትም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ከተገኘ ወደ ፊት ይጎተታል፤ እምቢ ያለም እንደ ባለጌ ይቆጠራል። እኔም በስንት ሠርግ ከፊት ተቀምጬ የቪዲዮ ቀራጩን ጀርባ ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ። ያከበረኝ ሰው ሁሉ ምን እንደሚታየኝ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሕዝቅያስ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። “አባባ፣ እባክዎ ያስረዱልኝ። ይህ ሁሉ ሰው እየጠበቀ ነው።”

“ሰው ሲጠብቅ የቆየው እንግዳውን ነው” አልኩት። “እሷማ ከሁላችሁ በፊት ደርሳለች።”

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “መስማት አይችሉም አይደል? ለእሳቸው እኮ የትም ቢሆን ያው ነው።”

ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ለታቢታ ምንም አልሆነባትም። ከንፈሩ ፊቷ ነበር።

“መስማት ስለማልችል ነው የምቀመጥበትን የምመርጠው” አለችው። “ያንተ ጆሮ ደህና ነው፤ አንተ የትም ተቀመጥ።”

ከዚያ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለች፣ በሽተኛ እግሯን መተላለፊያው ላይ ቀጥ አድርጋ ዘረጋች። “ከዚህ የምነሣው ሲያልቅ ነው። ከቸኮልክ ከነወንበሩ አንሣኝ።”

ወጣቱ ላብ በላብ ሆነ። አጃቢዎቹ ቆመው ያዩናል። ከመድረኩ ጀርባ መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁ፤ ሳያት በቀዳዳው እያየች እንደሆነ ገባኝ። በዚህ መካከል ከታቢታ ጎን ያለችው ተማሪ፣ ለመነሣት ደብተሯን ሰብስባ የነበረችው፣ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ወንበሯ ላይ ተደላደለች። ከእሷ ቀጥሎ ያሉትም ግማሽ ተነሥተው ነበር፤ ተቀመጡ። እስከ ግድግዳው ድረስ ረድፉ ሁሉ ተቀመጠ። እንግዳው ዞር ብለው አዩና በእጃቸው “ተዋቸው” የሚል ምልክት ሰጡ። አጃቢዎቹ ከኋላ ባገኙት ቦታ ገቡ። ለእኛ የተባለው ሶፋ ከነውሃው ባዶውን ቀረ፤ ቴአትሩም ተጀመረ።

ተውኔቱ ጥሩ ነበር። ታቢታ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች፤ ሲያስቅ ከሌላው እኩል ትስቃለች። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግን ሰማዩ ጠቆረና የሀዋሳ የከሰዓት ዝናብ ወረደ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። መጀመሪያ እንደ ጠጠር ጣል ጣል አለ፣ ወዲያው መላ ጣሪያው አንድ ጫጫታ ሆነ። ሰው ከኋላ “አይሰማም” ይላል፤ እሱም ራሱ አይሰማም። ተዋንያኑ ጮኹ፤ ምንም ለውጥ የለም። እኔ ግን ያንን ጫጫታ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ብጨፍን ሽመና ክፍል የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

አለቃውን የሚሠራው ተዋናይ ግራ ተጋብቶ ቆመ። የሳያት ተራ ደርሷል። ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች። ከሶፋው በላይ፣ ከውዶቹ ወንበሮች በላይ አሻግራ መተላለፊያው ላይ የተዘረጋውን እግር አየች፤ ከእግሩም ወደ ፊት ወጣች። እዚያ አንድ አጃቢ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ለማን ትናገር ነበር? ድምፅ ማውጣቷን ተወች። እጇን አወረደች፣ አገጯን ቀና አደረገች፤ አያቷ በልጅነቷ እንዳስተማረቻት፣ ከንፈሯን እየከፈተች ቀስ ብላ ተናገረች።

እኔም የዚያው ክፍል ልጅ ነኝና አነበብኩት። “አያቴ ጆሮዋን እዚህ ጨርቅ ውስጥ ሸምና ወጣች። እኔ ግን ጆሮዬን ይዤ እወጣለሁ።”

ከዚያ ቆመች፤ አልቀጠለችም። ሰው ሁሉ ትወናው መሰለው። እሷ ግን እየጠበቀች ነበር። ታቢታ እጇን ከጭኗ አነሣች፤ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጥማ ክር ቋጠረች። ሳያት ያንን አይታ ዞረችና ከመድረኩ ወጣች።

ሰዉ ያልሰማውን አጨበጨበ። አንዳንዱ ዞሮ እኛን አየ። ታቢታ አላጨበጨበችም፤ የገጠመቻቸውን ጣቶች ዝናቡ እስኪቀንስ ድረስ አልፈታቻቸውም።

ዝናቡ እስኪያባራ በሩ ላይ ስንጠብቅ ሕዝቅያስ መጣ። በዚህ ጊዜ ከፊቷ ቆመ፣ ፊቱንም ሰጣት።

“እማማ፣ መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያለችው? እኛ ከፊት ሆነን አልሰማንም።”

“የሚመጣው እሑድ ይደገማል አይደል?”

“አዎ።”

“ቀድመህ ና። ከእኔ ረድፍ ቦታ አይጠፋም።”

ሳቅ አለና አንገቱን አከከ። “ሶፋው ግን ባዶውን ቀረ እኮ፣ እማማ።”

“አይቼዋለሁ” አለችው፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ እያደረገች። “ከእኔ ወንበር ሁሉም ነገር ይታያል።”