በባሕር የተመለሰው ቤት

ዱልሲ ፔሊ የተወለደችበት ቤት ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ያየችው ገና ልጅ ሳለች ነው። ያኔ መንግሥት በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ተበታትነው የሚኖሩትን ዓሣ አጥማጆች ትምህርት ቤትና ሐኪም ወዳለበት ከተማ ያሰባስብ ነበር። አባቷም እንደ ጎረቤቶቹ ቤቱን ከመሠረቱ ነቀለና ከሥሩ ባዶ በርሜሎች አስሮ፣ በጀልባ እየጎተተ ባሕሩን አሻግሮ ፖርት ኤልስዌል ወሰደው። እናቷ መጋረጃውን እንኳ አላወረደችም ነበር። በትውልድ መንደሯ በቴርን ሃርበር የቀሩት እምቢ ያሉ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አባቷ ሲሞት ለመቅበር ወደዚያው መለሱት። ከቀብሩ በኋላ ዱልሲ ከእንጨቱ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ስትመለከት የቤታቸው መሠረት ድንጋይ ሳይነቃነቅ አየችው፤ ቀይ የዱር ፍሬ በቅሎበታል። ፊት ለፊቱ ዓሣ ነባሪዎች ውኃ ወደ ላይ እየረጩ ያልፋሉ። በመመለሻቸው ላይ ቤቱን ወደ ቦታው እንደምትወስደው ለወንድሟ ለጋርላንድ ነገረችው።

«ደህና ነሽ አንቺ? ሰው ወደ ከተማ ይገባል እንጂ ቤቱን እየጎተተ ከከተማ ይወጣል?»

«አባባ በዚሁ ባሕር አይደል ያመጣው? ስንመለስበት ይጠበናል?» አለችው።

ወሬው ፖርት ኤልስዌልን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ባለ ሱቁ ገመድ ስትገዛ ባያት ቁጥር ይተርባት ጀመር።

«እሜቴ ኖኅ፣ እንስሳቱን መቼ ነው የምታስገቢያቸው?»

«ከአንተ ልጀምር ብዬ ነው የዘገየሁት» አለችው፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ ሁለቱ ጀልባቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነገሯት።

አገር ሁሉ አጎቴ የሚላቸው አዛውንቱ አምብሮዝ ለአባቷ በርሜሎቹን ያሰሩለት ሰው ነበሩ። አሁን እጃቸው ስለማይታዘዛቸው ባሕሩ ዳር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡና ቋጠሮ በቋጠሮ አሳሰሯት። አንዱን ሦስት ጊዜ አስፈቷት።

ባሕሩ እንደ መስታወት በተኛበት የሐምሌ ማለዳ ጀልባዎቹ ቤቱን ይዘው ወጡ። እኩል መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ተነሣ። አንዱ ገመድ ተበጠሰ፤ ቤቱ ወደ ጎን አዘነበለና ጀልባዎቹን ወደ ኋላ ይጎትታቸው ጀመር። ጋርላንድ መጥረቢያውን አነሣ።

«ዱልሲ፣ እንልቀቀው! ይዞን ይሰምጣል!»

«ወደ መስኮቱ አስጠጋኝ። ካልሆነልኝ ትቆርጠዋለህ።»

አስጠጋት። አንዱ ጫፉ ጀልባው ላይ የታሰረ አዲስ ገመድ ወገቧ ላይ ጠምጥማ በወጥ ቤቱ መስኮት ዘልላ ገባች። ውኃው ጉልበቷ ድረስ ደርሷል፤ የእናቷ ምድጃ ባሕር ውስጥ ቆሟል። ፍርሃት አልተሰማትም፤ ከፍርሃት ይልቅ ንዴት ነበር የያዛት። ገመዱን ከዋናው ምሰሶ ጋር አጎቴ አምብሮዝ ባሳዩዋት ቋጠሮ አሰረችና ወጣች። ገመዱ ያዘ። ነፋሱ እስኪያልፍ በአቅራቢያው ካለች የወፎች ደሴት ጀርባ ተጠልለው ቆዩ፤ ቀይ ምንቃር ያላቸው የባሕር ወፎች ጣሪያው ላይ ሰፍረው እንደ ባለቤት ተዝናኑ።

ቴርን ሃርበር ሲደርሱ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወል ነበር። ያልሄዱት ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ወርደው ገመዱን ያዙ፤ እየዘፈኑ ቤቱን በተላጡ ግንዶች ላይ እያንከባለሉ ወደ መሠረቱ ድንጋይ አወጡት። ዱልሲ እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ደጃፏ ላይ ቆማ ወደ ባሕሩ አየች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ቀና ብላ ቆማ አታውቅም።

በቀጣዮቹ ዓመታት ሌሎች ቤተሰቦችም ተመለሱ። ዛሬ በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉ የበረዶ ተራራዎችንና የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ለማየት የሚመጡ እንግዶች እሷ ዘንድ ያድራሉ፤ በጨው የደረቀ ዓሣ በድንች ታበላቸዋለች። ጋርላንድም ለአንድ ሳምንት ብሎ መጥቶ እዚያው ቀርቷል፤ ታሪኩን ለእንግዶች የሚያወራው እሱ ነው፤ በየዓመቱም ማዕበሉን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል።

ባለፈው በጋ ከቶሮንቶ የመጣች ሴት፣ እንግዳ በሌለበት የበረዶ ወራት ብቸኝነት አይሰማሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ያኔማ» አለች ዱልሲ ሻይ እየቀዳችላት፣ «ወደቡን ለራሳችን እናገኘዋለን።»