እታገኝና የኋላው መደብ

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ከእታገኝ ጋር መንገድ መሄድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሱቁ ያስቆማታል፣ የባጃጅ ሹፌሩ ያስቆማታል፣ ልጅ ያዘለች እናት ታስቆማታለች። ሁሉም "ቲቸር!" እያሉ ይስሟታል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስማቸው ይጠፋባታል፤ የት ይቀመጡ እንደነበር ግን አትረሳም። "አንተ እኮ በመስኮቱ በኩል ነበርክ" ትላለች።

እኔ ያወቅኋት የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው፤ ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ፣ መኪና በማይደርስበት አንድ ትምህርት ቤት። እሷ ሥነ ዜጋ፣ እኔ ሒሳብ እናስተምር ነበር። ክፍሎቻችንን የሚለየው ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለነበር የሷ ድምፅ እኔ ክፍል፣ የኔ ማባዣ እሷ ክፍል ይገባ ነበር። ያ ዘመን ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ድምፅ ነው።

ተማሪዎቹ የሚቀመጡት ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ነበር። በመጨረሻው መደብ ላይ የትናየት የምትባል ልጅ ብቻዋን ትቀመጣለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ደግሞ ቡዳ ናት ተብላ ትፈራለች፤ ማንም አጠገቧ አይቀመጥም፣ በጠጣችበት ጣሳም ማንም አይጠጣም።

እታገኝ በመጣች ሰሞን ልጅቷን ከፊት አስቀመጠቻት። መደቡ ላይ የነበሩት በሙሉ ተነሥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የትናየት ራሷ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የዚያን ቀን እታገኝ ምሳዋን አልበላችም። "በትእዛዝ የሚሆን አይደለም" ብቻ አለችኝ።

አንድ ቀን የእኩልነት ምዕራፍ ላይ ደረሰች። መጽሐፉን ዘጋችና ኮሌጅ ሳለች የሰማችውን ታሪክ ጀመረች፤ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች አውቶቡስ ላይ ከኋላ እንዲቀመጡ ይገደዱ እንደነበር፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ለነጭ ተነሽ ስትባል እምቢ ብላ እንደታሰረች፣ የከተማው ጥቁሮችም አውቶቡሱን ትተው ከዓመት በላይ በእግራቸው እንደሄዱ። አማርኛው ለከበዳቸው በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና ደገመችላቸው። እኔም ማባዛቱን ትቼ ከነተማሪዎቼ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አቅንቼ ነበር።

ልጆቹ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። በእግር መሄድን ግን ያውቁታል።

"ዝናብ ሲጥልም ሄዱ?"

"ሲጥልም።"

"ሽማግሌዎቹስ?"

"እነሱም።"

"ቆይ፣ ከኋላ የተቀመጡት ምን አጥፍተው ነው?" ያለችው ውዴ ናት፤ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ የአቶ ካሤ ልጅ።

"ምንም።"

ከዚያ የአንድ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ውዴ ተነሥታ የትናየት አጠገብ መቀመጧን ያወቅሁት በእረፍት ሰዓት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ካሤ ከበሩ ቆሙ።

"መምህርት፣ ልጄን ከማን ጋር ነው ያስቀመጥሻት?"

"እኔ አላስቀመጥኳትም። ራሷ ናት የሄደችው፤ እርስዎ ይጠይቋት።"

ውዴ አንገቷን ደፍታ "አባ፣ ውሃ የምንቀዳበትን እንስራ የሠሩት የየትናየት እናት አይደሉ? በሳቸው እንስራ ጠጥተን ምን ሆንን?" አለች።

አቶ ካሤ እጇን ይዘው ወደ ቤት ወሰዷት።

እታገኝ የዚያኑ ዕለት፣ ተማሪ እንደተለቀቀ ዳገቱን ወጥታ ቤታቸው ሄደች። አልተከራከረችም። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቀኑን ትምህርት ለውዴ አስተማረቻት። በማግሥቱም ሄደች። ከዚያም በየቀኑ። ሲዘንብ ላስቲክ ደርባ ትሄዳለች። ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ ስትመለስ እሳት አነድላታለሁ፤ እግሯን እያሞቀች የውዴን ጉብዝና ታወራልኛለች። አቶ ካሤ ግቢው ውስጥ ሞፈር እየጠረቡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ።

በመጨረሻ አንድ ቀን መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

"ከእንግዲህ አትድከሚ። ነገ ትመጣለች።"

"የት ትቀመጥ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ። "የፈለገችበት ትቀመጥ።"

ውዴ ወደ ኋላው መደብ ተመለሰች። ውሎ አድሮ ሌላ ልጅ ተጨመረ፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ እስከ መጨረሻው የግል ጣሳ ከቤታቸው ይዘው የሚመጡ ነበሩ።

አሁን ሁሉም ተበታትኗል። ውዴ ዓረብ አገር ናት፤ በዓል በመጣ ቁጥር ለእታገኝ ትደውላለች። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው ተነቅሎ ነበር፤ ዛሬ በብሎኬት ተሠርቷል። ይህንን ለእታገኝ ስነግራት "ታዲያ አሁን ከጎረቤት ክፍል ምንም አይሰማም በለኛ" አለች።

እሷ ከሁሉ አብልጣ የምታነሣው የየትናየትን ሠርግ ነው። ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ሁለታችንም ተጠርተን ነበር። እኩለ ቀን ላይ አቶ ካሤ ከዘራቸውን ይዘው ዳሱ በር ላይ ብቅ አሉ። ሙሽሪትን መረቁ። ማዕድ ቢቀርብላቸው ግን አልቀመሱም፤ ልሂድ አሉ።

እኔ ተናደድኩ። "ምናለ አንዲት ጉርሻ ቢቀምሱ?"

"መጡ እኮ" አለች እታገኝ። "በዚያ በደከመ ጉልበታቸው።"

ተነሥታም ሸኘቻቸው። ከዳሱ ሆኜ አያቸው ነበር፤ ክንዳቸውን ይዛቸው፣ አንድ ነገር እየተጨዋወቱ፣ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ።