ሐይቅ ላይ ቆመን የለመንናት ልጅ

ከኮምቦልቻ የተነሣነው የኢድ ማግስት፣ ቅዳሜ ጧት ነው። ለጠየቀን ሁሉ «ሐይቅ ሄደን ሁለት ቀን ውሃ ላይ ልንዝናና ነው» አልን። ውሸት አልነበረም፤ ዋናውን ግን በሆዳችን ይዘን ነው። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ሰይድ ሉባባ የምትባል የሐይቅ ልጅ ወዶ እንቅልፍ ካጣ ከርሟል። አባቷ ጋሼ ይማም ገበያተኛ ከማዶ ማዶ የሚያሻግሩ ባለ ታንኳ ናቸው። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ያለቻቸው ሉባባ ብቻ ናት። ሰይድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ጋሼ ይማም ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹን ከሩቅ ሲያዩ ታንኳቸውን ገፍተው ወደ ውሃው መሃል ገቡ። ሽማግሌ ዋናተኛ አይደል፤ ዳር ላይ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ።

ሰይድ ጎሚስታ ነው፤ የካሚዮን ጎማ ይለጥፋል። «አሁንም እምቢ ካሉኝ አሰብ እወርዳለሁ፤ ወደዚህ አገር ዳግመኛ አልመለስም» ብሎ ምሏል። እሱ ደግሞ ከማለ ያደርገዋል። የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

ካሚዮኑ የጨው ጆንያ የጫነ ነበር፤ እላዩ ላይ ወጣን። ሾፌሩ በጣልያን ገንዘብ ሁለት ሁለት ሊሬ ብሎ ነበር፤ ሰይድ ጎማውን የሚለጥፍለት ሰው መሆኑን ሲያይ በግማሽ ተስማማ። ኮምቦልቻ ላይ ሲያልበን የነበርን ሰዎች ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሰን ደሴ ስንገባ በጉሙ ጥርሳችን ይንገጫገጭ ጀመር። ኬላው ላይ የጣልያን ወታደሮች ወረቀታችንን አገላብጠው ለቀቁን።

ፒያሳ ላይ ሦስተኛውን ጓደኛችንን ከበደን ጫንነው። ከበደ የአቡጀዴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ወሬ ካገኘ ምሳም አያምረው። ዘዴውን ያመጣውም እሱ ነው።

«በየብስ ከሆነ ይሸሹናል። ውሃ ላይ ግን ወዴት ይሄዳሉ?» አለ።

«እኛስ ወዴት እንሄዳለን?» አልኩት። ዋና የሚባል ነገር አላውቅም።

«ኧረ ወዲያ! ሰው ሊድር ሄዶ የሞተ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሐይቅ

የጋሼ ይማም ታንኳ እንደ ሌላው ታንኳ አይደለም። ሁለት ትልልቅ የደንገል ታንኳዎች ጎን ለጎን ታስረዋል፤ ላያቸው ላይ እንጨት ተረብርቧል፤ መሃሉ ላይ አጎንብሰው የሚገቡባት የሣር ጎጆ ተሠርታለች። ገበያተኛውን ዝናብ እንዳይመታው ብለው ነው። ሥራ በሌለ ቀን ራሳቸው ያድሩባታል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ» አለ ሰይድ። እሳቸው አላወቁትም።

«ወአለይኩም ሰላም። የበዓል እንግዶች ናችሁ፤ ግቡ። አብሽሩ፣ ውሃው ሰው አይበላም» አሉ የእኔን ፊት አይተው።

ያን ከሰዓት መቼም አልረሳውም። ውሃው ረግቶ፣ ዳክዬው በአጠገባችን እያለፈ፣ እኛ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ሸንኮራ ስንልጥ ዋልን። ፀሐይ ስትገባ ሰይድና ጋሼ ይማም እርብራቡ ላይ ጎን ለጎን ሰገዱ፤ እኔና ከበደ ጠበቅናቸው። ወዲያው ሉባባ በትንሽ ታንኳ እየቀዘፈች ራት አመጣች። ለእነሱ የኢድ ሥጋ፣ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ በአዲስ ድስት የተሠራ ሽሮ።

«የእናንተ ለብቻው ነው፤ ሥጋው አልነካውም» አለችን አንገቷን ደፍታ። ሰይድ ራቱን ረስቶ እሷን ያያል።

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ ይማም አጫወቱን። እናቷ ስትሞት ሉባባ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እዚችው ጎጆ ውስጥ እያስተኙ፣ እየቀዘፉ፣ ስታለቅስ እየዘፈኑላት አሳደጓት። ሰውየውን ወደድናቸው፤ ጭንቃችንም ያኔ ባሰ።

እሑድ ጧት

በእኛ አገር ልጅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም፣ አይቀመጥምም። እህሉን ትናንት በልተነዋል፤ የቀረን መቆሙ ነው። ሙሽራውም በዚያ ቦታ አይገኝም፤ ግን የት ይሂድ? ሰይድ ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ ጋቢውን ተከናነበ።

እኔና ከበደ በአንድ በኩል ብድግ ስንል ያደርንበት ታንኳ ዘመም አለ።

«ተቀመጡ!» ብለው ጮኹ ጋሼ ይማም።

«አንቀመጥም፣ ጋሼ። ጉዳይ አለን» አለ ከበደ።

«የምን ጉዳይ? ትሰጥማላችሁ ስላችሁ!»

እኔ ያሉትን ቅዱሳን ሁሉ በልቤ ጠራሁ። ሉባባ ቁርስ ይዛ ስትቀርብ «አባዬ፣ ምን ሆነው ነው የቆሙት?» አለች። ወዲያው ገባት መሰለኝ፣ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አባቷ አዩዋት። ዓይኗን አላሸሸችም።

«ለማን ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለሰይድ፣ ለጎሚስታው።»

«እሱ የታለ?»

«እዚህ ነኝ» አለ ከጎጆዋ ውስጥ። ከበደ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

ጋሼ ይማም ውሃ ውሃውን እያዩ «ልጄን ነፍጌ አይደለም» አሉ። «ወስዳችሁ ሩቅ አገር ካኖራችኋት ግን፣ እኔ ማታ ማታ ማንን እጠራለሁ?»

ያኔ ሰይድ በጉልበቱ እየዳኸ ከጎጆዋ ወጣ።

«አሰብም አልሄድ፣ ኮምቦልቻም አልወስዳት፣ ጋሼ። ካሚዮን በሐይቅም ያልፋል፤ ጎማ እዚህም ይፈነዳል። እዚሁ መንገድ ዳር እለጥፋለሁ። ማታ ሲጣሩ ሁለት ሆነን አቤት እንልዎታለን፤ ወላሂ!»

አዛውንቱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «በሉ እንግዲያው፣ አሁን እንደ ሽማግሌ ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን። ሰይድ ጉልበታቸውን ስሞ ቀና ማለት አቃተው።

መልስ

ሰይድ መንገድ ዳር ቦታ ሊያፈላልግ እዚያው ሐይቅ ከተማ ቀረ። ከበደ ፒያሳ ላይ ወረደ። ብቻዬን ሆኜ ቁልቁለቱን ወደ ኮምቦልቻ ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። ስንት ክረምት በአንድ ክፍል ኖረናል፤ ስታመም ውሃ ያጠጣኝ እሱ ነው፤ ስከፋም የሚያስቀኝ እሱ። አሰብ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነበር የደከምኩት፤ ሐይቅም ለካ ሩቅ ኖሯል። ጋሼ ይማም ያን ጧት ምን እንደተሰማቸው የገባኝ ያኔ ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ እያለቀስኩም ደስ ብሎኛል።

አከራያችን እትዬ ዙሪያሽ በር ላይ ጠበቁኝ። ሰይድ ሚስጥሩን ነግሯቸው ኖሯል።

«እህ፣ ልጅቷን ሰጧችሁ?»

«ሰጡን።»

«እልልል! ሰይድስ የታለ?»

«እሱን ደግሞ እኛ ሰጠናቸው» አልኳቸው።